ሙያ በልብ ሲቀር፦ ከእንጦጦ ማድቤት እስከ አዩርቬዳ

በእኛ ዕድሜ ካሉ የአዲስ አበባ ልጆች ጋር ካፌ ቁጭ ያለ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ አይነሳም፤ አዩርቬዳ። አንዷ እርድ በትኩስ ወተት ጠጥታ ጉሮሮዋ እንደተሻላት ታወራለች። ሌላው ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል በሞቀ ውሃ ጀምሯል። ሦስተኛዋ ደግሞ የሕንድ ምግብ አሠራር በስልኳ እየተማረች ነው። የሚገርመው ነገር እርዱም ዝንጅብሉም እናቶቻችን ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ክዳኑ በዘይት በተነካ ጣሳ ውስጥ፣ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ ነበር። ጠይቀነው ግን አናውቅም።

እንግዲህ ይህን ስንል የአዩርቬዳ ተማሪዎችን ለመተቸት እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ተማሩት እንላለን። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ከወጡ ጣዕም ወይም ከሆድ ጤና ጋር አይያያዝም። አዩርቬዳን የተማረ ሰው ማድቤት ማለት የዕውቀት ቤት መሆኑን ያያል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ደግሞ ወደ ራሱ ቤት ሲመለስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማን ነው? የት ተጻፈ?» ይላል። መልሱን ፍለጋ እስቲ እንጦጦ እንውጣ። ከዚያ በፊት ግን አዩርቬዳ ምን እንደሆነ በአጭሩ።

የሕይወት ዕውቀት

አዩርቬዳ በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» እንደ ማለት ነው። የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ሲሆን «ቻራካ ሳምሂታ» እና «ሱሽሩታ ሳምሂታ» የተባሉት መጻሕፍቱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አላቸው። ሥርዓቱ የሰውን ጤና ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ በሚባሉ ሦስት ባሕርያት ሚዛን ያስረዳል። ሆድ ውስጥ ምግብ የሚፈጭ «እሳት» አለ ይላል፤ ይህ እሳት ሲደክም በሽታ ይመጣል። ስለዚህ ምግብና መድኃኒት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ወጥ የምትሠራ ሴት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ታክማለች።

ጣዕሞቹም ስድስት ናቸው፦ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ የሚያቃጥል፣ መራራ እና አፍ የሚያኮማትር። ጥሩ ማዕድ ስድስቱንም ይይዛል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ የጾም በያይነቱ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡ። የእንጀራው ኮምጠጥ ማለት፣ የሽሮው ጨው፣ የስናፍጩና የበርበሬው ማቃጠል፣ የጎመኑ መረር ማለት፣ የምስሩ ማኮማተር፣ የቀይ ሥሩ ጣፋጭነት። ስድስት። ማንም ቆጥሮ አላስተማረንም፤ ሳህኑ ላይ ግን አሉ።

ቅመሞቹንም ተመልከቱ። ሕንዶች «ሜቲ» የሚሉት አብሽ ነው። «አጅዋይን» የሚሉት ነጭ አዝሙድ ነው። «ካሎንጂ» ጥቁር አዝሙድ፣ «ዳንያ» ድንብላል ነው። «ጊ» ብለው የሚያከብሩት ነገር የነጠረ ቅቤ ሲሆን የእኛ ሴቶች ደግሞ ሲያነጥሩት ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ይጨምሩበታል። ቅቤ ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ይወጣል፤ ቶሎ የማይበላሸውም ለዚህ ነው። ኮረሪማ ግን የራሳችን ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የወጣ እንጂ የሕንዱ ሄል አይደለም።

እንጦጦ ላይ የተጣደ ድስት

አሁን ወደ እንጦጦ። የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ንጉሥ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን እዚያ ላይ አደረጉ። ለጠላት አስቸጋሪ፣ ለጥበቃ ምቹ ቦታ ነው። ለማድቤት ግን ከባድ ነው። ይበርዳል፤ ነፋስ አለ፤ ውሃና እንጨት ከሩቅ ነው የሚመጣው። ንግሥት ጣይቱ ብጡል ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቤት ያሠሩት፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1886) የተቆረቆረችው ከዚህ በኋላ ነው። ከተማችን የተወለደችው ከብርድና ከማገዶ ሽሽት ጭምር ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚመለሱበት ድግስ የተደገሰው እዚያው ብርድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አበሉ። የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለዚህ ግብር ጽፈዋል፤ መጽሐፋቸው በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታትሟል። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ድግስ እንደ ትልቅ ምዕራፍ ያዩታል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጣይቱ ከየአገሩ የመጣውን እህል፣ ሥጋ፣ ማርና ቅመም በአንድ ማዕድ ሲያቀርቡ ለተጋባዡ አገር እያሳዩት ነበር። ዛሬ «የሐበሻ ምግብ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር እንደዚህ ካሉ ማድቤቶች ነው የወጣው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እዚያው እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጣይቱም እቴጌ ሆኑ። በዚያ ሰሞን ግን አገሩ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። የከብት እልቂት ገብቶ ክፉ ቀን ሆኗል። በሬ አልቆ ማረሻ ቆሟል፤ ሰው ቅጠልና ሥር እየቀቀለ ቀኑን ይገፋል። የትኛው ቅጠል ይበላል፣ የትኛው ይገድላል፣ የትኛው ሦስት ጊዜ ውሃው ካልተደፋ አይበላም የሚለው ዕውቀት በዚያን ጊዜ ከወርቅ ይበልጥ ነበር። ያንን የሚያውቁት እነማን ነበሩ? ወጥ ቤቶችና እናቶች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የድግሱን ባለቤት ስም እናውቃለን፤ የንጉሡን ስም፣ የጸሐፊውን ስም እናውቃለን። ወጡን የሠሩትን ግን አናውቅም። እንጀራ ጋጋሪዎቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ፣ ውሃ ቀጂዎቹ፣ እንጨት ሰባሪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ በቤተ መንግሥት ማድቤት ውስጥ ከሚሠሩት መካከል ባሪያዎችም ነበሩ። ስንት ጭብጥ ኮረሪማ ለስንት ድስት እንደሚገባ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። እኛ እጅ ላይ የቀረው «ተበላ፣ ተጠጣ» ነው።

ባልትና የሚባል ትምህርት

አማርኛ ለዚህ ዕውቀት ስም አለው፤ ባልትና። ዛሬ ባልትና ስንል በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ ትዝ ይለናል። ቃሉ ግን ሙሉ ትምህርት ነው። መቼ እንደሚዘፈዘፍ፣ ስንት ቀን እንደሚሰጣ፣ የትኛው ቅመም ከየትኛው ጋር እንደሚወቀጥ፣ ለአራስ ምን፣ ለጾመኛ ምን፣ ለታመመ ምን እንደሚሰጥ። ለአራስ የአጃና የገብስ አጥሚት፣ ለሆድ ድርቀት ተልባ፣ ሆድ ሲነፋ ጤና አዳም ወይም ነጭ አዝሙድ፣ ሆድ ሲቆርጥ ፌጦ በሎሚ። ሥጋ በጥሬው በሚበላበት አገር ደግሞ ኮሶ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ኮሶ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቶ ነበር። ጥሬ ሥጋ እና ኮሶ የአንድ ሥርዓት ሁለት ጫፎች ነበሩ፤ ማዕዱ ያመጣውን ማዕዱ ያወጣዋል።

እንጀራውም ቢሆን ዝም ብሎ እንጀራ አይደለም። ሊጡ እርሾ ገብቶበት ሲቦካ እህሉ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል። የጤፍ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ይሞላል። በዓመት ከ180 በላይ ቀናት የሚጾም ምእመን ሥጋና ወተት ሳይነካ የሚቆመው ከእምነቱ ሌላ በዚህ ጥበብ ነው። ይህን የተማረ ሰው ጾሙን «ምንም የሚበላ የለም» ብሎ በፓስታ በሶስ አያሳልፈውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት ካለ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ከአንድ ተረት ይጀምራል። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ባለሙያ ሴት አታወራም፤ እጇ ይናገራል ማለታችን ነው። ለትሕትና ጥሩ ትምህርት ነው። ለታሪክ ግን መርዝ ነው። ባሕላዊ መድኃኒተኛም «መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይረክሳል» ይላል፤ ለልጁ እንኳ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው። ድንገት ከሞተስ? «ስንት በርበሬ ልጨምር?» ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ። «በዓይንሽ እዪው» ትላለች። ዓይኗ ግን ከእሷ ጋር ይሄዳል።

በልብ የያዙትና በመጽሐፍ የያዙት

እዚህ ላይ ነው አዩርቬዳ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠን። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት እርድ ቁስል ያድናል ለሚል «ግኝት» ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች የባለቤትነት መብት ሰጠ። ሕንድ ውስጥ ጉድ ተባለ። የማንኛዋም ሕንዳዊት አያት ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱ ላይ እርድ ትነሰንሳለች። የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ክስ አቀረበ። «አያቶቻችን ያውቁታል» ብሎ ብቻ ቢከራከር ማንም አይሰማውም ነበር። ከሳንስክሪት፣ ከኡርዱና ከሂንዲ መጻሕፍት ማስረጃ አወጣ፤ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረችው ሥራ ደግሞ የአዩርቬዳንና የሌሎች ባህላዊ ሕክምናዎቿን ዕውቀት በኮምፒውተር መዝግቦ ለፓተንት መርማሪዎች ማቅረብ ነው።

እኛስ? የእኛ እርድ ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የብዝኃ ሕይወት ተቋማችን ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዝርያዎች ስምምነት ተፈራረመ። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት ፓተንት ሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን አልሞተም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። በደስታ ዘለልን። ነገር ግን ፍርድ ቤት የቆሙት እነማን ነበሩ? ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች። አንዱ «መብቴን ነካህ» ብሎ ሌላውን ከሰሰ፤ ተከሳሹም «ይህ ድሮም ፈጠራ አልነበረም» ብሎ ረታ። ሕንድ የራሷን እርድ ራሷ ተከራክራ አስመለሰች። የእኛን ጤፍ ሌሎች ተጣልተው አስለቀቁልን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ይህ የመጀመሪያው ትምህርታችን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ቆሞ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። ቀንድ አውጣው ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያሸጋግር ነው። ዶክተር አክሊሉ ጥያቄ ጠየቀ፤ መረመረ፤ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶዱ ለዘመናት እዚያው ነበር። ሴቶቹም እዚያው ነበሩ። የጎደለው ቆም ብሎ የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው ነበር።

ሕንድ ሩቅ አልነበረችም

አንዳንዱ «ለምን የሕንድ? የራሳችን እያለ!» ሊል ይችላል። ታሪክ ግን እንዲህ አጥር አያውቅም። የአዱሊስ ወደብ ከሕንድ ጋር ሲነግድ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር፤ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ናቸው። ዝንጅብል የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ሕንድ ሲሆን በዓረብኛ በኩል ዞሮ ነው ወደ እኛ የደረሰው። በምኒልክ ዘመን ሕንዳውያን ግንበኞች ለቤተ መንግሥቱ ሠርተዋል። መሠረቱ ቦምቤይ የነበረው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ሐረርና አዲስ አበባ ላይ ሱቅ ከፍቶ ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. እስኪያባርረው ድረስ ነግዷል። የእናቶቻችንና የአባቶቻችን የሒሳብ መምህራን ደግሞ ስንቶቹ ሕንዳውያን ነበሩ!

«ከጥንት ከጠዋቱ የእኛ» የምንለው በርበሬስ? የበርበሬ ተክል የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ኢትዮጵያም ሕንድም አያውቁትም ነበር። ሁለታችንም ተቀበልነው፤ ሁለታችንም የራሳችን አደረግነው። ማድቤት ድንበር የለውም፤ የሚያስፈልገው ከሌላው የተማሩትን በራስ ድስት መሞከር ነው።

ሁሉም አይዋጥም

አዩርቬዳን ስንማር ሁሉንም እንዋጥ ማለታችን ግን አይደለም። ቫታና ፒታ በላቦራቶሪ የሚለኩ ነገሮች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቦስተን ጥናት በአካባቢው ሱቆች ከሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ቀቅሎ መብላትና የታሸገ ኪኒን መዋጥ አንድ አይደሉም። የእኛም እንዲሁ ነው። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅጠል ደስ ይላል፤ እርጉዝ ሴት ግን በመድኃኒት መልክ ልትወስደው አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ አብሽ ጠጣሁ ብሎ ኪኒኑን ቢያቆም ራሱን ይጎዳል።

ከሁሉም የሚያስተምረን የጓያ ነገር ነው። ጓያ በድርቅ የማይበገር እህል ነው፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይሽመደመዳል፤ የተያዘ እግር አይመለስም። ይህ በጎንደርና በጎጃም የታወቀ መከራ ነው። ሕዝባችን ጓያ አደገኛ መሆኑን አውቋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ጉዳቱ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም በማሳው ውስጥ ከማለፍ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ሕንድም ውስጥ ይኸው እህል «ኬሳሪ» ይባላል። «ባቫፕራካሻ» የተሰኘው የአዩርቬዳ መጽሐፍ ሰውን ሽባ እንደሚያደርግ ጽፎት ነበር። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን የከለከለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ ሳይንስ የሚለው መርዙ ያለው ራሱ ፍሬው ውስጥ መሆኑን ነው። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ መቁላት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሰዋል። እንግዲህ ባልትና እንዲህ ነው፤ ግማሹ ጥበብ፣ ግማሹ ግምት። ግምቱን ከጥበቡ የሚለየው ተጽፎ ሲመረመር ብቻ ነው። በልብ የተያዘ ነገር አይታረምም።

እና ምን እናድርግ?

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች አንድ ነገር በደንብ ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ለሚኒስትር ብቻ ማቅረብ የለብንም። ማድቤት ይዘናቸው እንግባ።

ማን አስተማረሽ እማዬ? የየት አገር አሠራር ነው? መቼ ነው ኮሰረቱ የሚገባው፣ ቅቤው ከቀለጠ በኋላ ወይስ አብሮ? ስንት? (እዚህ ላይ «በዓይን» የሚለውን መልስ አትቀበሉ፤ ማንኪያና ሚዛን አቅርቡ፣ እሷ ትጨምር፣ እናንተ ለኩ።) ለምን አብሹ ታጥቦ ምሬቱ ይወጣል? ለማን አይሰጥም? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። አንድ ዕውቀት ሙሉ የሚሆነው ለማን እንደማይሆን ሲያውቅ ነው።

ወንዶች ልጆችም ስሙን። ባልትና የሴት ነው ተብሎ ለሴት ብቻ የተተወ ዕለት ግማሽ አገር ረስቶታል። አሁን ሴቶቹም ቢሮ ገብተናል፤ ደግም አድርገናል። እናታችን በልቧ የያዘችውን የሚረከባት ሰው ግን አላዘጋጀንም። ስለዚህ ወይ ሁላችንም እንማረዋለን፣ ወይ ከእሷ ጋር ያልፋል።

ቦታ የለም እንዳትሉ። እዚያው እንጦጦ ሥር የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ሄዳችሁ ተክሎቹን በስማቸው ተዋወቋቸው። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን ሙዚየም ጎብኙ፤ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ዙሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ገብታችሁ ማኪያቶ ስትጠጡም ቁልቁል ተመልከቱ፤ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባው ከተማው ማገዶ ስላለቀበት ነው። በዚያ መንገድ ወገባቸው ጎብጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ካያችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ እንጀራ በማን ጀርባ እንደተጋገረ ታውቃላችሁ። ስለ ምግብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ድስቱን ብቻ ጽፎ ጀርባውን ከዘለለ ገና አልጻፈም።

እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1907 በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ከፈቱ፤ ድሮ ግብር ሆኖ ይበላ የነበረው ምግብ በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። ሥልጣናቸውን ግን ምኒልክ ሳያርፉ ተነጠቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላም ወደ እንጦጦ ተመለሱ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ያ ሁሉ አገር የበላበትን ማዕድ ያዘዙ ሴት የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት ከዚያ ድግስ ቦታ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሰው ደብተር ይዞ አጠገባቸው ተቀምጦ «እቴጌ፣ ያን ጊዜ ወጡን እንዴት አሠሩት? ወጥ ቤቶቹስ እነማን ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ዛሬ ስንት መጽሐፍ ይኖረን ነበር!

የእኛ እቴጌዎች ግን ገና በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ በዚህች ደቂቃ ሽንኩርት እያቁላሉ ነው። አዩርቬዳውን ተማሩ፤ እርዱንም በወተት ጠጡ። እሑድ ደግሞ ደብተርና ማንኪያ ይዛችሁ ማድቤት ግቡ።

ቸር እንሰንብት።